ሲነጋ የሚጠፋ ፍርሃት

በልጅነቴ ለፋሲካ በግ ሲታረድ ጓሮ ሄጄ ጆሮዬን የምደፍን፣ ጎረቤት ሲጣላ ሆዴን የሚያመኝ፣ ከወንዙ ማዶ ጅብ ከጮኸ እናቴ ጎን ካልተኛሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ ልጅ ነበርኩ። «ሆደ ቡቡ ናት፤ እንዳታስደነግጧት» ይባልልኛል። እኔ ደግሞ ከምንም ነገር አብልጬ የምወደው የሚያስፈራ ታሪክ ነበር። እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ ልጅ ልብ ውስጥ አብረው መኖራቸው ለብዙ ሰው አይገባውም። «ከፈራሽ ለምን ትሰሚዋለሽ?» ይሉኛል። መልስ አልነበረኝም። ሳልናገር የሚገባት አክስቴ ብቻ ነበረች።

አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ እኔ የአሥራ ሦስት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት እየሠራች ከእኛው ጋር ትኖር ነበር። ከሥራ ስትወጣ መንገድ ዳር ሸራ ዘርግቶ መጽሐፍ የሚያከራይ ሰው ዘንድ ጎራ ትላለች። ያኔ መጽሐፍ መግዛት የሁሉም ሰው አቅም አልነበረም፤ መያዣ ይያዛል፣ በሳንቲም ይከራዩታል፣ አንብበው ይመልሱታል። አብዛኞቹ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ የተለበጡ፣ ጠርዛቸው የተበላ፣ አንዳንዶቹም የመጨረሻ ቅጠላቸው የወለቀ ነበሩ። መጨረሻው የሌለ መጽሐፍ ሲያጋጥመን እኔና እሷ ቁጭ ብለን መጨረሻውን እንፈጥርለታለን።

ሰዓት እላፊ ስለነበረ ማታ ውጪ የሚያመሽ የለም። በር ይዘጋል፣ ራት ይበላል፤ ከዚያ ወዲያ ሌሊቱ ረጅም ነው። የውሻ ጩኸት አለ፣ የጅብ ድምፅ አለ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ የመኪና ድምፅ። መኪና ሲያልፍ ትልልቆቹ ሁሉ ወሬያቸውን አቋርጠው ያዳምጣሉ። አልፎ ሲሄድ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ጅብ ሲጮህ ያልደነገጡ ሰዎች ለመኪና ድምፅ ለምን ፊታቸው እንደሚለዋወጥ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

አክስቴ መጽሐፍ ይዛ ስትመጣ መጀመሪያ ራሷ ታነበዋለች። እንዲሁ ገለጥ ገለጥ አድርጋ መመለስ አታውቅም፤ ከዳር እስከ ዳር ነው የምታነበው። ከዚያ ከመሥሪያ ቤት ይዛት የምትመጣ የወረቀት ክሊፕ ነበረች፤ ሁለት ወይም ሦስት ቅጠል አንድ ላይ ትይዝባትና መጽሐፉን ትሰጠኛለች። «አንብቢ የኔ እመቤት። እዚህ ስትደርሺ ግን ጥሪኝ» ትለኛለች። አትቀድም፣ አትደብቅም፣ «ይሄ ላንቺ አይሆንም» ብላ አታሸማቅቀኝም። ክሊፗ ጋ ስደርስ እጠራታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ባለበት፣ በረንዳው ላይ ልብስ እያሰጣች ወይም ሽንኩርት እየላጠች «እስኪ ክፈቺው፤ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» ትላለች። የፈራሁት ገጽ በራሴ ድምፅ፣ በቀን ብርሃን፣ የሽንኩርት ሽታ እየሸተተኝ ይነበባል። ዓይኔ ቢያነባም ሽንኩርቱ ይሁን ታሪኩ ማንም አይጠይቀኝም።

በክሊፕ ተይዞ ከደረሱኝ መጻሕፍት አንዱን መቼም አልረሳውም፤ ለተማሪ ተብሎ ያጠረ የእንግሊዝኛ «ጄን ኤር» ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዋ ከብሪቲሽ ካውንስል ቤተ መጻሕፍት በካርዱ አውጥቶላት ነው ያገኘችው። ሻርሎት ብሮንቴ ይህን ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1847 ያሳተመችው ከረር ቤል በሚል የብዕር ስም ነው። ጄን የአሥር ዓመት ወላጅ አልባ ልጅ ሳለች፣ የአጎቷ ሚስት አጎቷ የሞተበት ቀይ ክፍል ውስጥ ትቆልፍባታለች። ግድግዳው ላይ ብርሃን ሲንቀሳቀስ ታያለች፤ የሞተው ሰው መጣ ብላ ትጮኻለች፤ በሩን ከፍተው አይተዋት መልሰው ይዘጉባታል። እኔን ያንቀጠቀጠኝ ብርሃኑ ሳይሆን በሩ መልሶ መዘጋቱ ነበር። በዚያው ልክ ግን አንድ ነገር አገኘሁ። የፈራች ልጅ፣ አልቃሻ የምትባል ልጅ፣ የመጽሐፍ ዋና ሰው ሆና ስትቆም ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር። እኔ እስከዚያ ድረስ ጀግና ማለት የማይፈራ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ክሊፗ የተቀመጠችው ቆየት ብሎ ነው፤ ሌሊት ከላይ ፎቅ ከሚሰማው ሳቅ አልፎ፣ ጄን አድጋ ልታገባ ስትል አንዲት ሴት መኝታ ክፍሏ ገብታ የሙሽራ መሸፈኛዋን ቀድዳ የምትረግጥበት ቦታ ላይ። አክስቴን ጠራሁ። ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሴትዮዋ የቤቱ ጌታ ሚስት እንደሆነች፣ አእምሮዋ ታውኮ ሰገነት ላይ ተቆልፎባት እንደምትኖር ስንደርስበት «ማን ነው የሚያበላት?» ብዬ ጠየቅኩ። አክስቴ ሽንኩርቱን አስቀመጠች። «ጠባቂ አለቻት» አለችኝ። «ጠባቂዋ ስትተኛስ?» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም፤ ግን ፊቷ ላይ ደስ ያላት መሆኑ ይነበብ ነበር። ያን ቀን ከሚያስፈራው ነገር ጋር አብሬ ሆኜ ማሰብ ጀመርኩ። ሆደ ቡቡ ልጅ አስፈሪ መጽሐፍ ሲያነብ ሌላው አንባቢ የማይጠይቀውን ይጠይቃል፤ ጭራቁ ይርበው ይሆን፣ ይበርደው ይሆን፣ እናት አለው ወይ ይላል። እንዲህ ዓይነት አንባቢ የሚገባውን መጽሐፍ ካገኘ ከየትኛውም አንባቢ የበለጠ ያገኝበታል ብዬ ዛሬም አምናለሁ።

የአክስቴ ምርጫ አንድ መለኪያ ነበረው። ጠዋት ሻይ እየቀዳችልኝ «ማታ ያስፈራሽ ነገር አሁንም ያስፈራሻል?» ብላ ትጠይቀኛለች። «አይ» ካልኩ ቀጣዩን መጽሐፍ ታመጣለች። «አዎ» ካልኩ ሥራ እስክትሄድ ያለችውን ጊዜ ትቆርጥልኛለች፤ ምኑ እንደሆነ፣ የትኛው ቦታ ላይ እንደቀረብኝ ታስነግረኛለች። ሲነጋ የሚጠፋ ፍርሃት አለ፤ ሲነጋ የሚብስ ፍርሃት አለ። ለእሷ መጽሐፍ መምረጥ ማለት እነዚህን ሁለቱን መለየት ነበር። ገጹ ላይ ስንት ሰው እንደሞተ ወይም ስንት አጋንንት እንደወጣ አትቆጥርም ነበር።

አያቴ በዚህ ነገር አይስማሙም። «ልጅቷን አሳብደሽ ጠበል ለጠበል ልታንከራትቻት ነው?» ይሏታል። ነገር ግን በቤታችን ከተነገሩት ታሪኮች ሁሉ እጅግ የሚያስፈራውን የነገሩኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። የካቲት 16፣ የኪዳነ ምሕረት ለት፣ የበላዔ ሰብእን ታሪክ ይተርካሉ። ሰባ ስምንት ሰው የበላ፣ ቤተሰቦቹን ሳይቀር የበላ ሰው! ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲናገሩ ከሰሉ ሲነጥር እንኳ እንዘላለን። ከዚያ መንገድ ላይ በቁስል የተመታ፣ ውኃ የጠማው ድሃ ያገኛል። ድሃው በብዙ ስም ይለምነዋል፤ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን በላዔ ሰብእ ልቡ ይራራና ጥርኝ ውኃ ያጠጣዋል። ሲሞት በሚዛን ይቀመጣል፤ በአንድ ወገን ሰባ ስምንት ነፍስ፣ በሌላው ወገን ያቺ ጥርኝ ውኃ። ሚዛኑ በምሕረት ወደ ውኃዋ ያደላል። እኔ ይህን ሰምቼ ሌሊቱን በፍርሃት ባድርም ጠዋት ስነሳ የሚታየኝ ሰው በላው ሳይሆን ውኃዋ ነበረች። ሌሊት የሚያስፈራ፣ ጠዋት ልብ የሚያሳርፍ ታሪክ ማለት እንዲህ ነው። አያቴ አይቀበሉት እንጂ ከአክስቴ ጋር አንድ ናቸው።

የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችም ይህን ያውቁ ነበር። ደጋግ ሰዎችን ሲሥሉ ፊታቸውን ወደኛ አዙረው ሁለት ዓይናቸውን ያሳያሉ፤ ክፉዎችን ደግሞ በጎን አዙረው አንድ ዓይናቸውን ብቻ። ቅዳሴው ሲረዝምብኝ ግድግዳው ላይ አንድ ዓይን ያላቸውን እየፈለግሁ እቆጥራለሁ። ሲኦሉ፣ እሳቱ፣ ሰይጣኑ ሁሉ ተሥሏል፤ ነገር ግን ክፉው የት እንዳለ፣ ደጉ የት እንዳለ ልጅ አይደናገርም። ልጅን የሚያደናብረው ወዴት መቆም እንዳለበት ሳይነግሩ መሐል ጨለማ ላይ ትቶ መሄድ ነው።

ሲነጋ የሚብሰውን ፍርሃት የቀመስኩት በመጽሐፍ ሳይሆን በወሬ ነው። ከሰፈራችን ታችኛው ጫፍ አንድ ሸማኔ ከነቤተሰቡ ይኖር ነበር። አንዲት የጎረቤት ልጅ እነሱ ቡዳ እንደሆኑ፣ ሌሊት ጅብ ሆነው እንደሚዞሩ፣ ሰው በዓይናቸው እንደሚበሉ ነገረችኝ። ማታ ከሰማሁት የጅብ ተረት ሁሉ ያነሰ ነበር፤ ግን ሲነጋ አልጠፋም። የሸማኔው ሴት ልጅ እኔ ክፍል ነበረች። ጠዋት ትምህርት ቤት ስገባ ፍርሃቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ደብተሬን ከእሷ አራቅሁ። በማግስቱ ሻይ ላይ አክስቴ ስትጠይቀኝ «አዎ፣ አሁንም ያስፈራኛል» አልኳት። ማን እንደሆነ ነገርኳት።

አልተቆጣችኝም። ቅዳሜ ለት «ነጠላ አሠርቻለሁ፤ ነዪ እናምጣ» ብላ ይዛኝ ወረደች። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ይሠራል። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ ዓይኔ ይከተለዋል፤ እግሩ ታች ሲረግጥ ክሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ጥለቱ ላይ አረንጓዴና ወርቃማ ክር እየገባ ነበር። ሚስቱ ቆሎ በሰፌድ አቀረበችልን። አክስቴ ዘግና በላች፤ ከዚያ እኔም በላሁ። የክፍል ጓደኛዬ ከጓዳ ወጥታ አየችኝና አፍራ ተመለሰች። አክስቴ ወደ ቤት ስንመለስ ያለችኝ ይህ ብቻ ነው፦ «ጅብ ከተረት ሲወጣ ጫካ ነው የሚገባው፤ ጎረቤትሽ ቤት ከገባ ግን ተረት አይደለም።»

ዕድሜዬ ሲገፋ ይህ ነገር በአገራችን ምን ያህል ሰው እንደጎዳ አነበብኩ። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው በየዘመኑ ቡዳ ተብሏል። በጎንደርና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ከሥራቸውም ከሃይማኖታቸውም የተነሳ ይህንኑ ስም ተሸክመው ኖረዋል። ስለዚህ ለወጣት አንባቢ የሚያስፈራ መጽሐፍ ሲመረጥ እኔ መጀመሪያ የማየው ጭራቁ የማንን ፊት እንደለበሰ ነው። የጎረቤትን፣ የአንድን ወገን፣ የአካል ጉዳተኛን፣ የድሃን ፊት ከለበሰ ያን መጽሐፍ ለሆደ ቡቡም ለልበ ደንዳናም አልሰጥም። ሆደ ቡቡው ይታመምበታል፤ ሌላው ደግሞ ያምነዋል።

አንድ ቀን አክስቴ ተከራይታ ያመጣችውን መጽሐፍ ጠዋት ክሊፕ ሳታደርግበት ይዛ ወጣች። ለምን እንዳልሰጠችኝ ስጠይቃት «ይሄ ቤት ውስጥ አይነበብም» አለችኝ። በአጋጣሚ ማታ ስትተኛ ገልጬ አይቼው ነበር፤ ሌሊት ሰዎችን ከቤታቸው አስወጥተው ስለሚገድሉ ሰዎች የሚናገር የባዕድ አገር ታሪክ ነው። ከሷ በላይ የነበረው ወንድሟ፣ ያላየሁት አጎቴ፣ በ1970 ዓ.ም. ሌሊት በመኪና መጥተው ከወሰዱት በኋላ አልተመለሰም። በዚያ የቀይ ሽብር ዘመን የሟቾች አስከሬን ወረቀት ተለጥፎበት መንገድ ላይ ይጣል ነበር፤ አያቴ ጠዋት ጠዋት እየወጡ ያን ሲፈልጉ ሰንብተዋል። ሲነጋ የሚብስ ፍርሃት የሚለውን ነገር አክስቴ ከየት እንዳገኘችው የገባኝ ይህን ስሰማ ነው። ለእሷ የእንግሊዝ አገር ጭጋግና ሰገነት ላይ የሚሰማ ሳቅ ዕረፍት ነበር። መጽሐፉ ሲዘጋ የሚቆም ፍርሃት ያለበት ዓለም አለ ማለት፣ ለዚያ ትውልድ ትልቅ ነገር ነው።

ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ላይ የሚፈራበት ሰዓትም ነበረን። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ አያቴ እንዝርታቸውን ያስቀምጣሉ፤ አባቴ ጋዜጣውን ያጥፋል። እኔ በፊታውራሪ መሸሻ ድምፅ እሸማቀቃለሁ፤ ሰብለ ወንጌል መንገድ ስትጀምር እጄ ይቀዘቅዛል። ያ ድምፅ ብቻዬን ቢያገኘኝ ኖሮ እንቅልፍ አይኖረኝም ነበር። ዙሪያዬን ሁሉም እንደኔ ትንፋሹን ይዞ ሳየው ግን ፍርሃቱ የጋራ ሆኖ ይቀልልኝ ነበር።

አሁን ተራው የወንድሜ ልጅ ሆኗል። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እንደ እኔ ሆደ ቡቡ ናት፤ ሞቶ የተገኘ ወፍ ትቀብራለች፣ የጓደኞቿን ጠብ ቤት ድረስ ይዛ ትመጣለች። የክፍል ጓደኞቿ በስልክ የሚቀባበሉትን አስፈሪ ፊልም አይታ ለብዙ ጊዜ መብራት አብርታ ተኝታለች። ፊልሙ አይጠብቅም፤ ፊቱን በድንገት ያመጣብሻል። መጽሐፍ ግን በአንባቢው ፍጥነት ነው የሚሄደው፤ ሥዕሉንም ልጅቷ በምትችለው መጠን ራሷ ትሥላለች። አንድ ቀን መጥታ «አክስቴ፣ የሚያስፈራ ግን የማያሳምም መጽሐፍ አለሽ?» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ አድርጎ ጥያቄውን ያስቀመጠልኝ የለም።

መጀመሪያ የሰጠኋት የፍራንሲስ ሆጅሰን በርኔትን «ዘ ሲክሬት ጋርደን» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1911 የታተመ። ብዙ ሰው የአበባና የአትክልት መጽሐፍ አድርጎ ነው የሚያስታውሰው፤ እኔ ግን ከጅማሬው እስከ መሐሉ የጨለማ ቤት ታሪክ ሆኖ ይሰማኛል። ወላጆቿ በኮሌራ ያለቁባት ሜሪ ዮርክሻየር ሜዳ ላይ ወዳለ፣ መቶ ክፍል ያለው፣ አብዛኛው ወደተቆለፈ ቤት ትመጣለች። ሌሊት የሚያለቅስ ሰው ትሰማለች። አገልጋዮቹ «ነፋስ ነው» ይሏታል። ሻማ ይዛ በመተላለፊያው ሄዳ በሩን ስትከፍት የምታገኘው እንደሷ የፈራ፣ የታመመ ልጅ ነው። ጭንቅ የሆነባት ድምፅ ፈርቶ የሚያለቅስ ሰው ሆኖ ተገኘ። ለሆደ ቡቡ ልጅ ከዚህ የበለጠ ስጦታ አላውቅም።

ቀጥሎ የፊሊፓ ፒርስ «ቶምስ ሚድናይት ጋርደን»፣ እ.ኤ.አ. 1958። ወንድሙ ኩፍኝ ስለያዘው ቶም አክስቱ ቤት ይላካል። ምድር ቤት የቆመው ትልቅ ሰዓት ሌሊት አሥራ ሦስት ጊዜ ይመታል። ቶም ወርዶ የጓሮውን በር ሲከፍት ቀን ያልነበረ የአትክልት ቦታ ያገኛል፤ እዚያም ከሌላ ዘመን የሆነች ሃቲ የምትባል ልጅ። ሁለቱም አንተ ነህ መንፈሱ፣ አንቺ ነሽ መንፈሱ ተባብለው ይጣላሉ። የወንድሜ ልጅ እዚህ ቦታ ላይ ሳቀች፤ መጨረሻው ላይ ግን አለቀሰች። ጠዋት ስጠይቃት «አላስፈራኝም፤ ናፈቀኝ እንጂ» አለችኝ። እኔም ይህን መጽሐፍ ስጨርስ የሚሰማኝ ያው ነው፤ መንፈስ ያለበት ታሪክ ሁሉ ከሥሩ ሲታይ የናፍቆት ታሪክ ይመስለኛል።

«ፍራንከንስታይን»ን ስሰጣት የሳባት ጭራቁ አልነበረም፤ የጸሐፊዋ ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1815 የኢንዶኔዥያው ታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በማግስቱ ዓመት አውሮፓ በጋ አጣ። ሜሪ ሼሊና ጓደኞቿ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ዝናብ ቤት ሲያስቀምጣቸው ሎርድ ባይረን እያንዳንዳችን አስፈሪ ታሪክ እንጻፍ አለ። ሜሪ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1818 ታተመ። የወንድሜ ልጅ «ከኔ በአራት ዓመት ብቻ?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ ያነበበችው በሌላ ዓይን ነው። ፈጣሪው ጥሎት ለሸሸው ፍጥረት አዘነችለት፤ ፈጣሪውን ግን እስካሁን ይቅር አላለችውም።

የኒል ጌይማን «ዘ ግሬቭያርድ ቡክ» ላይ የአክስቴን ክሊፕ ተጠቅሜያለሁ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ አንድ ሰው በቢላ አንድን ቤተሰብ ይገድላል፤ ሕፃኑ ብቻ ድኖ መቃብር ውስጥ በሙታን እጅ ያድጋል። የቀረው መጽሐፍ ፍቅር የተሞላ ነው፤ በሩ ግን ደም አለበት። እነዚያን ገጾች ከሰዓት በኋላ አብረን አነበብናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ብቻዋን ሄደች። የሱዛን ሂልን «ዘ ውማን ኢን ብላክ»ን ግን ያዝ አድርጌዋለሁ። ድባብ በመፍጠር የሚወዳደረው ጥቂት ነው፤ ረግረጉ፣ ጭጋጉ፣ ከጭጋጉ ውስጥ የሚሰማው የፈረስና የልጅ ጩኸት። ሆኖም መጨረሻው በሕፃን ላይ ይጨክናል፣ አንባቢውንም እዚያው ጥሎት ይሄዳል። እሱ ለሌላ ዕድሜ ነው። የፓትሪክ ኔስ «ኤ ሞንስተር ኮልስ» ደግሞ እናቱ በካንሰር የታመመች ልጅ ዘንድ ሌሊት ሌሊት ስለሚመጣ ግዙፍ ዛፍ ነው። ሐሳቡ የሲቮን ዳውድ ነበር፤ ሳትጽፈው በዚያው በሽታ ሞተች። በቤቱ ታማሚ ላለበት ልጅ ይህ መጽሐፍ ወይ መድኃኒት ነው ወይ ቁስል፤ የትኛው እንደሚሆን ልጁን ቀርቦ የሚያውቅ ሰው ካልሆነ በስተቀር ማንም ሊወስን አይችልም።

በመጨረሻ የዳፍኒ ዱ ሞሪየን «ሬቤካ» ሰጠኋት፤ እ.ኤ.አ. 1938። መንፈስ የለበትም። የሞተች ሴት ክፍል እንደነበረ ተጠብቆ መቀመጡ፣ ብሩሿ፣ የሌሊት ልብሷ፣ አዲሲቱን ሙሽራ በዝምታ የምትከታተለው የቤት ኃላፊ፤ እነዚህ ይበቃሉ። ሙሽራይቱ ስሟ አንዴም አይጠራም። ዓይን አፋር፣ ሁሉም ሰው ከእሷ የተሻለ የሚመስላት ወጣት ናት፤ አሥራ አራት ዓመት የሞላው ሁሉ ያውቃታል። የወንድሜ ልጅ ይህን መጽሐፍ ይዛ ለመጀመሪያ ጊዜ «ጠዋትም ትንሽ ያስፈራኛል» አለችኝ። ምኑ ስላት «ሰው ሁሉ እያየኝ እንደሚያወዳድረኝ እንዲመስለኝ አደረገኝ» አለች። ስለዚያ ብዙ አወራን። መጽሐፉ ባይኖር ኖሮ ይህን የምታወራበት መንገድ አታገኝም ነበር።

ከትምህርት ቤት ጋር መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አይታ የመጣች ቀን ግን ምንም መጽሐፍ አልሰጠኋትም። ፎቶግራፎቹን፣ አፅሙን አይታለች። ያን ማታ ስለ አጎታችን ነገርኳት፤ እሷም ሰምታ ዝም አለች፤ አብረን ተቀመጥን። እውነተኛው ነገር በእውነተኛ ስሙ መነገር አለበት፤ በጭጋግና በሰገነት መሸፈን የለበትም።

ሁሌ የሚቆጨኝ፣ ለዚች ልጅ የምሰጣት አብዛኛው ጨለማ የሌላ አገር ጨለማ መሆኑ ነው። ዮርክሻየርን ሳታየው ታውቀዋለች። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የጣና ገዳማትን ምስጢር ይዞ ሲወጣ ወጣቱ እንዴት እንደተሻማበት ሁላችን አይተናል፤ አንባቢው አለ ማለት ነው። ላሊበላ ውስጥ ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያሻግር ዋሻ አለ፤ የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል፤ ተሳላሚው ያለ መብራት፣ ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ አልፎ ወደ ብርሃን ይወጣል። ሐረር ላይ ሰው ሌሊት ከግንቡ ውጪ ጅብን በእጁ ያበላል። እንጦጦ ክረምት በገባ ቁጥር ባሕር ዛፉ በጭጋግ ይዋጣል። ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ደም የማያዘንብ፣ ጎረቤትን ጭራቅ የማያደርግ፣ ወደ ብርሃን የሚያወጣ አስፈሪ ታሪክ በአማርኛ የምትጽፉ ካላችሁ ጻፉልን። እኔ አንባቢ አለችኝ፤ ክሊፕም አላጣም።